ወንዳገረድ፣ አሽቲሜ እና የሕክምና መዝገብ

"ወንዳገረድ" የሚለው የአማርኛ ቃል ሁለት የተለያዩ ሰዎችን በአንድ ስም ሲጠራ ኖሯል። አንደኛው ሲወለድ የጾታ አካሉ ወንድ ወይም ሴት ብሎ ለመለየት ያስቸገረ ነው፤ ሁለተኛው አካሉ የወንድ ሆኖ እንደ ሴት የሚኖር ነው። ሐኪም የመጀመሪያውን በምርመራ ይለየዋል፤ ሁለተኛውን፣ ዛሬ ትራንስጀንደር የሚባለውን፣ ግን የላቦራቶሪ ውጤት አያሳየውም። ሲሞን መሲንግ ስለ ደገኛው አማራ እ.ኤ.አ. በ1957 ባቀረቡት ጥናት እንዲህ ያሉ ወንዶች እንደነበሩ መዝግበዋል።

በደቡብ ኦሞ በሚኖረው የማሌ ሕዝብ ዘንድ ግን ስም ብቻ ሳይሆን ቦታም ነበራቸው። ዶናልድ ዶንሃም እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደገለጹት፣ "አሽቲሜ" የሚባሉት ወንድ ሆነው ተወልደው እንደ ሴት የሚለብሱና የሴት ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የማሌ ንጉሥ በግቢያቸው ሰብስበው ይጠብቋቸው ነበር። ምክንያቱ ርኅራኄ ብቻ አይመስልም፤ ንጉሡ የወንድነት ሁሉ ተምሳሌት በመሆናቸው በሥርዓት ዋዜማ ከሴት መራቅ ሲኖርባቸው፣ ከአሽቲሜ መራቅ ግን አይጠበቅባቸውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 ዶንሃም ያገኙት አንድ አሽቲሜ ብቻ ነው፤ እርሱም ራሱን እንደ ወንድ ሚስት ማግባት፣ እንደ ሴትም ማግባትና መውለድ ያልቻለ ፍጡር አድርጎ ገልጾላቸዋል። አሽቲሜን በዛሬው ቃል ትራንስጀንደር ብሎ መደምደም ያስቸግራል፤ ነገሩ ሁሉ መጤ ነው ማለት ግን የባሰ ያስቸግራል።

እ.ኤ.አ. በ1969 በኒውዮርክ ስቶንዎል በተነሣው ግጭት ትራንስጀንደሮች ከተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ጎን ተሰልፈው ነበር። የሕክምናው መዝገብ ግን ለያያቸው። የአሜሪካ ሳይካትሪ ማኅበር በ1973 የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን ከአእምሮ ሕመሞች ዝርዝር ካወጣ በኋላ፣ በ1980 ትራንስጀንደርነትን በሕመም ስም አስገባ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ከአእምሮ ሕመም ወደ ወሲባዊ ጤና ምዕራፍ ያዛወረው በ2019 በጸደቀውና በ2022 ሥራ ላይ በዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ነው።

በኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ያስቀጣል። ስለዚህም እንዲህ ያለ ሕመምተኛ በሞርሲቶም ሆነ በጂንካ ጤና ጣቢያ ቢገባ ትኩሳቱን ተናግሮ ሌላውን ቢደብቅ አያስደንቅም። ይኸው ሕግ ግን በአንቀጽ 399 ሐኪም፣ ነርስና ፋርማሲስት በሥራቸው ያወቁትን ምስጢር ሕግ ካልፈቀደ በቀር እንዳያወጡ ይከለክላል። ከተረኛ ክፍል ተነሥቶ ሻይ ቤት የሚደርስ ወሬም በዚህ አንቀጽ ሥር ይወድቃል።