ኤልዲፍ፦ የማውጫ መለዋወጫ ቅርጸት

በኔትወርክ የተያያዙ ኮምፒውተሮች የተጠቃሚዎችን ስም፣ የመለያ ቁጥርና የይለፍ ቃል በአንድ ቦታ የሚይዝ መዝገብ ያስፈልጋቸዋል። ዳይሬክተሪ የሚባለው ይህ ነው፤ «የስልክ ማውጫ» የለመደ ጆሮ ስላለን ማውጫ እንለዋለን። የማውጫ መረጃ ከአንዱ ሲስተም ወደ ሌላው የሚሻገርበት የጽሑፍ ፋይል ደግሞ ኤልዲፍ ይባላል። «የማውጫ መለዋወጫ ቅርጸት» ብንለው ሥራውን ይገልጸዋል።

ቃሉ ብዙ ጊዜ የሚነሳው አሮጌ ማውጫ ሲቀየር ነው። ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1980ዎቹ ያወጣው ኤንአይኤስ ለረጅም ዘመን የዩኒክስ ኔትወርኮች ማውጫ ሆኖ አገልግሏል። መጀመሪያ የሎ ፔጅስ ይባል ነበር፤ ስያሜው በብሪታንያ የብሪቲሽ ቴሌኮም የንግድ ምልክት ስለነበረ ተለወጠ። የደኅንነት ጉድለቱ ግን ከባድ ነው፤ ኔትወርኩ ውስጥ የገባ ሰው የተመሰጠሩትን የይለፍ ቃሎች ዝርዝር በአንድ ትእዛዝ ሊያወጣ ይችላል። ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስም በ9ኛው ዕትሙ አስወጥቶታል። ቦታውን የያዘው ማውጫ የሚነበብበትና የሚለወጥበት ፕሮቶኮል የሆነው ኤልዳፕ ነው፤ የኤንአይኤስ መስኮች በኤልዳፕ ምን ተብለው እንደሚመዘገቡ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው አርኤፍሲ 2307 የተባለ የኢንተርኔት ቴክኒክ ሰነድ ዘርዝሮታል።

ኤንአይኤስ አንድን ተጠቃሚ በአንድ መስመር ይጽፋል፤ ሰባት መስኮች በኮለን ተለያይተው ይደረደራሉ። በኤልዲፍ እያንዳንዱ መስክ ስሙን ይዞ በየራሱ መስመር ይወርዳል፤ ከአናት ተጠቃሚው በማውጫው ውስጥ ያለው ሙሉ አድራሻ ይጻፋል። አንዱን መዝገብ ከሌላው የሚለየው ባዶ መስመር ነው፤ ያለቦታው ከገባ የአንዱን ሰው መዝገብ ለሁለት ይቆርጠዋል። ቅደም ተከተልም ይጠበቃል፦ ክፍሉ ሳይመዘገብ አባሉ አይመዘገብም።

ለእኛ ትልቁ ጉዳይ ፊደላችን ነው። ኤልዲፍ ከአስኪ (የእንግሊዝኛ ፊደላትን፣ አሃዞችንና ምልክቶችን ብቻ ከያዘው የኮድ ሠንጠረዥ) ውጪ ያለን ጽሑፍ በቤዝ 64 ለውጦ ይጽፋል፤ ምልክቱም ከመስኩ ስም በኋላ የሚመጣ ድርብ ኮለን ነው። አንድ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ «አበበ» የሚለው ስም አሥራ ሁለት የላቲን ምልክቶች ሆኖ ይታያል። ፋይሉን የከፈተ ባለሙያ «ተበላሽቷል» ብሎ ሊደነግጥ ይችላል፤ አልተበላሸም፣ ማውጫው ውስጥ ሲገባ ወደ ፊደሉ ይመለሳል። ከዚህ ይልቅ ሊጠነቀቁለት የሚገባው የተጠቃሚውን ስም የሚይዘው ጌኮስ የሚባለው መስክ ነው። በአርኤፍሲ 2307 መሠረት አስኪ ብቻ ስለሚቀበል የግእዝ ስም አይገባበትም። ሲኤን የተባለው የሙሉ ስም መስክ ግን ዩኒኮድን ሙሉ በሙሉ ይቀበላል።

ስለዚህ የመሥሪያ ቤታችሁን ማውጫ የምትለውጡ ባለሙያዎች፣ የድሮውን የላቲን አጻጻፍ በጌኮስ ተዉት፤ በሲኤን ግን የሠራተኛውን ስም እሱ ራሱ በሚጽፈው ፊደል አስገቡለት።