የገበሬው ልጅ ራስ አሉላና የሹመት ሸክም

ሰው ከእርሱ የሚበልጥ ኀይል የተሰጠውን ሌላ ሰው ባገኘ ጊዜ የሚያደርገው ነገር ከጥንት ጀምሮ አንድ ዐይነት ነው። ጠላት ሲመጣ ይጠራዋል፤ ጠላት ሲመለስ ደግሞ የማን ልጅ እንደ ሆነ ይጠይቀዋል። በመጽሐፈ መሳፍንት የተጻፈው የዮፍታሔ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። ዮፍታሔ ኀያል ሰው ሳለ በእናቱ ምክንያት ወንድሞቹ ከአባቱ ቤት አሳደዱት፤ የአሞን ልጆች ጦር ባነሡ ጊዜ ግን የገለዓድ ሽማግሎች እስከ ስደቱ አገር ድረስ ሄደው አለቃቸው እንዲሆን ለመኑት። እርሱም ሄደ፥ ተዋጋ፥ ድልም አደረገ፤ ነገር ግን ወደ ቤቱ በተመለሰ ጊዜ የድሉን ዋጋ ከሁሉ አብልጦ የከፈለ እርሱ ራሱ ሆነ።

እንዲህ ያለው ነገር በገለዓድ ብቻ ተደርጎ አልቀረም። በኢትዮጵያም ታሪክ ውስጥ በትውልዳቸው ሲናቁ፥ በሥራቸው ሲፈለጉ የኖሩ ሰዎች አሉ። ከነዚህም አንዱ፥ በፈረስ ስማቸው አባ ነጋ የሚባሉት ራስ አሉላ እንግዳ ናቸው።

አሉላ በ1839 ዓ.ም. ገደማ በትግራይ፥ በተምቤን፥ መነዌ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ እንግዳ ቁቢ ከመሳፍንት ወይም ከመኳንንት ወገን ያልሆነ ገበሬ ነበረ። በዚያ ዘመን ደግሞ ትልቁ ሹመት በአብዛኛው እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ስለ ነበረ፥ የገበሬ ልጅ ተስፋው ማረሻውና በሬው ነበሩ። ስለ ልጅነቱ በአፍ ሲነገር የኖረ አንድ ታሪክ አለ። ሰዎች ለሠርግ እንጀራ በሌማት ተሸክመው ሲሄዱ፥ አሉላ ከመንደር ልጆች ጋር መንገድ ዘግቶ ወዴት ትሄዳላችሁ ብሎ እንደ ሹም ጠየቃቸው። እነርሱም በልጁ ድፍረት ስቀው፥ ወደ ራስ አሉላ ወደ ቁቢ ልጅ ግቢ እንሄዳለን ብለው መለሱለት። ከዚያም ቀን ጀምሮ የመንደሩ ሰው ራስ አሉላ እያለ ይጠራው ጀመር ይባላል። ቃሉ ለፌዝ የተነገረ ነበረ፤ ፌዙ ግን ጊዜ ጠብቆ እውነት ሆነ።

አሉላ በመጀመሪያ የደጃዝማች ካሳ ምርጫ አጎት የሆኑትን ራስ አርአያ ድምፁን አገለገለ፤ ከዚያም ወደ ካሳ ቤት ተዛውሮ እልፍኝ ከልካይ ሆነ። ካሳ በ1864 ዓ.ም. በአክሱም ዐፄ ዮሐንስ ራብዓይ ተብለው ሲነግሡ፥ ይህ ወጣት ከታመኑት ሎሌዎቻቸው አንዱ ነበረ። እልፍኝ ከልካይነት ለዐይን ትንሽ ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን በንጉሥ ደጅ የሚቆም ሰው የገባውንና የወጣውን ያያል፥ የሚታመነውንና የማይታመነውን ይለያል። አሉላም ያለ አባት ውርስ ከፍ ለማለት የቻለው በዚህ ትምህርት ነው።

ጀግንነቱ በአደባባይ የታወቀው ግብፆች በመጡ ጊዜ ነው። የግብፁ ገዥ ኬዲቭ ኢስማዒል ከቀይ ባሕር ዳር ወደ ደጋው ለመውጣት ፈልጎ፥ በዴንማርካዊው መኰንን በአረንድሩፕ የሚመራ ጦር ላከ። ይህ ጦር ኅዳር 7 ቀን 1868 ዓ.ም. በጉንደት ጠፋ፤ አዛዡም ሞተ። ከጥቂት ወራት በኋላ የመጣው ከፊተኛው እጅግ የሚበልጥ ሁለተኛ ጦር፥ አሜሪካውያን መኰንኖች ጭምር የነበሩበት፥ በዚያው ዓመት በየካቲት ወር መጨረሻ በጉራ ድል ሆነ። በእነዚህ ጦርነቶች አሉላ ስሙን ተከለ፤ በ1869 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ራስ ብለው ሾሙት፥ መረብ ምላሽንም ሰጡት።

እዚህ ላይ የሹመቱ ሸክም ተጀመረ። መረብ ምላሽ ከመረብ ወንዝ ማዶ እስከ ባሕሩ ቆላ ድረስ የሚደርስ አገር ነበረ፤ የሐዘጋና የጸዐዘጋ ቤቶችን የመሰሉ የቆዩ ባላባቶች አሉበት። እነዚህ ባላባቶች የተምቤን ገበሬ ልጅ ሲገዛቸው ማየት አልወደዱም። የትግራይ መኳንንትም ቢሆኑ፥ ለዘመናት በአባቶቻቸው እጅ የነበረው ማዕርግ ለሎሌ ተሰጠ ብለው አንጎራጎሩ። የቁቢ ልጅ ማለት ለወዳጅ የፍቅር መጠሪያ፥ ለጠላት ደግሞ የስድብ ቃል ሆነ። ራስ አሉላም ይህን ስለ ተረዱ የመጀመሪያ ሚስታቸውን ወይዘሮ ብጥወታን ትተው የራስ አርአያን ልጅ ወይዘሮ አምለሱን አገቡ። ይህ ጋብቻ ከንጉሠ ነገሥቱ ቤተ ዘመድ ጋር አገናኛቸው፤ የመኳንንቱን አፍ ግን አልዘጋም። የልጆቻቸውን እናት ለማዕርግ ብለው መተዋቸው፥ ንቀት የተናቀውን ሰው ራሱን ምን እንደሚያስደርገው ያሳያል።

የትውልድ ሹም በጦር ቢሸነፍ እንኳ ርስቱ ይቀርለታል፥ ዘመዱ ይሸሽገዋል፥ የአባቱ ሎሌ ይከተለዋል። ራስ አሉላ ግን ከንጉሡ ሞገስና ከራሳቸው ክንድ በቀር መጠጊያ አልነበራቸውም። ስለዚህ አንድ ቀን እንኳ ማረፍ አይችሉም ነበር፤ ሌላው አንድ ጊዜ በማሸነፍ የሚያገኘውን ክብር እርሳቸው በየዓመቱ በአዲስ ድል መግዛት ነበረባቸው።

ጠቅላይ ሰፈራቸውን በመጀመሪያ በአዲ ተክላይ አደረጉ፤ በ1876 ዓ.ም. ደግሞ ወደ አሥመራ አዛወሩ። አሥመራ በዚያ ጊዜ ትንሽ መንደር ነበረች፤ ከምጽዋ በሚወጣው የንግድ መንገድ ላይ ስለ ሆነች ግን የራሱ ሰፈርና ገበያው አሰፏት። በዚያው ዓመት ግንቦት 27 ቀን ዐፄ ዮሐንስ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር በዐድዋ ውል ተዋዋሉ። ውሉም ኢትዮጵያ በሱዳን ደርቡሾች የተከበቡትን የግብፅ ወታደሮች በአገሯ በኩል እንድታወጣ፥ በዚህም ፈንታ የቦጎስ አገር እንዲመለስላትና በምጽዋ በኩል ዕቃዋ ያለ ቀረጥ እንዲያልፍ የሚል ነበረ። የዚህ ውል ሥራ በአብዛኛው በራስ አሉላ ትከሻ ላይ ወደቀ። መስከረም 14 ቀን 1878 ዓ.ም. በኩፊት ከዑስማን ዲግና ጦር ጋር ገጥመው ድል አደረጉ፤ ነገር ግን ከሠራዊታቸው ብዙ ሰው ሞተ፥ ከአለቆቻቸውም ብላታ ገብሩ ወደቁ።

የኢትዮጵያ ደም ለውሉ ሲፈስስ ውሉ ራሱ አስቀድሞ ፈርሶ ነበር። በጥር 1877 ዓ.ም. ኢጣልያኖች በእንግሊዝ ፈቃድ ምጽዋን ይዘዋልና። ከዚያም ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ እየገፉ ሰዓጢን ያዙ። ራስ አሉላ ለቅቃችሁ ውጡ ብለው ቢያስጠነቅቁም አልሰሙም። ጥር 18 ቀን 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ በሰዓጢ ምሽግ ላይ አደጋ ጣሉ፤ ምሽጉ ግን አልተሰበረም፥ ብዙ ሰውም ሞተባቸው። በማግሥቱ ወደ ምሽጉ እርዳታ ይዞ የሚሄደውን ከአምስት መቶ የሚበልጥ የኢጣልያ ጦር በዶግዓሊ ከበቡት። የጦሩ አዛዥ ዴ ክሪስቶፎሪስና ከአራት መቶ የሚበልጡ ወታደሮቹ እዚያው ወደቁ። በሮማ ከተማ ለነዚህ ሙታን ሐውልት ቆመ፤ በባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለው አደባባይም እስከ ዛሬ የአምስት መቶው አደባባይ ይባላል።

ድሉ የራስ አሉላን ስም በአውሮፓ ሁሉ አሰማ፤ በአገራቸው ግን መከራ አመጣባቸው። በወዲያ በኩል ኢጣልያ ለበቀል ብዙ ሺህ ጦር በባሕር አሻገረች። በወዲህ በኩል ደግሞ ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ጦር አንሥቶ አገሩን ከአውሮፓ መንግሥት ጋር አጣላ የሚል ክስ በመኳንንቱ አፍ ተነገረ። ይህ ክስ ፈጽሞ ከንቱ ነበረ ማለት አይቻልም። ዐፄ ዮሐንስ በዚያ ጊዜ በምዕራብ ደርቡሽ፥ በሰሜን ኢጣልያ፥ በደቡብም የንጉሥ ምኒልክ ነገር ያስጨንቃቸው ነበር። በጥር 1880 ዓ.ም. ደርቡሾች የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጦር ሰብረው ጎንደርን አቃጠሉ፤ በመጋቢት ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ሰዓጢ ቢወርዱም ኢጣልያኖች ከምሽጋቸው ስላልወጡ ሳይዋጉ ተመለሱ። ያም ሆኖ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ የድንበር ጠባቂ ጠላት ድንበሩን ሲያልፍ ዝም ቢል ኖሮ፥ እነዚያው ከሳሾች ምን ይሉት ነበር? ቢዋጋ ቸኰለ፥ ባይዋጋ ፈራ መባል ለሹም ሁሉ የሚደርስ ዕዳ ነው፤ አባቱ ለማይታወቅ ሹም ግን ዕዳው እጥፍ ይሆናል።

ታሪክ የሚጻፍ ለውዳሴ ብቻ አይደለምና የራስ አሉላ እጅ ከባድ እንደ ነበረም መሰወር አይገባም። በ1879 ዓ.ም. መጀመሪያ በናራና በኩናማ ሕዝብ ላይ ያደረጉት ዘመቻ ብዙ ሰውና ከብት ያጠፋ ነበረ። ከመረብ ማዶ ያለው ገበሬም የሠራዊቱ ቀለብ በየዓመቱ እየከበደው ሄደ፤ በኋላ ኢጣልያኖች ወደ ደጋው ሲወጡ ሊቀበሏቸው የወደዱ ባላባቶች የተገኙት ከዚህም የተነሣ ነው። የተናቀ ሰው ሥልጣን ባገኘ ጊዜ ንቀቱን በኀይል ለመሸፈን ይፈተናል፤ ራስ አሉላም ከዚህ ፈተና ነጻ አልነበሩም።

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በመተማ ዐፄ ዮሐንስ ቆሰሉ፥ ወዲያውም ዐረፉ። ሽማግሌው ራስ አርአያ የንጉሣቸውን አስከሬን ሲጠብቁ እዚያው ሞቱ። በእነዚያ ቀኖች ሌላው መኰንን ንጉሡን አጣ፤ ራስ አሉላ ግን ንጉሣቸውንም፥ አሳዳጊያቸውንም፥ በመኳንንቱና በእርሳቸው መካከል ቆሞ የነበረውንም ግንብ አጡ። ዐፄ ዮሐንስ ልጄ ነው ያሉትን ራስ መንገሻን ተከትለው ወደ ትግራይ ተመለሱ። በዚያው ክረምት ኢጣልያኖች አሥመራን ያለ ጦርነት ያዙ። ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ ከብቱንና ሰውን ስለ ጨረሰ ለዘመቻ የሚሆን ስንቅ አልተገኘም። ራስ አሉላ በአባቱ ርስት ከሚኖር መኰንን ይልቅ እንደ እንግዳ ሆነው፥ ከራስ መንገሻም ጋር እየተጣሉና እየታረቁ ጥቂት ዓመታት ኖሩ።

በ1886 ዓ.ም. ራስ መንገሻና ራስ አሉላ ወደ አዲስ አበባ ሄደው ለዐፄ ምኒልክ ገቡ። ዐፄ ምኒልክ የጌታቸው ተቀናቃኝ የነበሩ ንጉሥ ናቸው፤ ለአገር ሲባል ግን ራስ አሉላ የቆየውን ቂም ትተው ለእርሳቸው አደሩ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት ከኢትዮጵያ ሠራዊት ጋር ተሰልፈው ከዘጠኝ ዓመት በፊት በዶግዓሊ የገጠሙትን ጠላት እንደ ገና ገጠሙት፤ ሲሸነፍም አዩ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ልብን ያሳዝናል። ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው የሰላም ውል የኢትዮጵያን ነጻነት ለዓለም ሁሉ አስታወቀ፤ ከመረብ ማዶ ያለው አገር ግን በኢጣልያ እጅ ቀረ። ራስ አሉላ ዕድሜያቸውን የጨረሱበትና ስማቸውን ያገኙበት አገር ይኸው ነበረ። አራት ወር ሳይሞላ፥ በተምቤን ከጎረቤታቸው ከራስ ሐጎስ ጋር ተጣልተው ተዋጉ። ራስ ሐጎስ ሞቱ፤ ራስ አሉላም ቆስለው በዚያው ቍስል በየካቲት 1889 ዓ.ም. ዐረፉ። ግብፅና ደርቡሽ፥ ኢጣልያም ያልገደሏቸው ሰው፥ በተወለዱበት አገር በወገን ጥይት ሞቱ። አስከሬናቸውም በዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ተቀበረ።

ዛሬ የመቀሌ አውሮፕላን ማረፊያ በስማቸው ይጠራል፤ ሕፃናትም በታሪክ ትምህርት ስማቸውን ይማራሉ። ሙት ማክበር ቀላል ነው፤ ሙት ሹመት አይሻማም፥ ከባላባት ጋርም አይወዳደርም። ከባዱ ነገር በሕይወት ያለውን የገበሬ ልጅ በሥራው መዝኖ መቀበል ነው። መኳንንቱ ከራስ አሉላ ጋር በአንድ ልብ ቆመው ቢሆን ኖሮ፥ አሥመራ ያለ ጦርነት ባልተያዘች ይሆናል ብሎ ማሰብ ከእውነት የራቀ አይደለም። እንዲሁም ራስ አሉላ ንቀቱን በትዕግሥት፥ ሥልጣኑንም በርኅራኄ ይዘውት ቢሆን ኖሮ፥ ከመረብ ማዶ ያለው ገበሬ ይበልጥ በወደዳቸው ነበር። የናቁትም የተናቁትም ከዚህ ታሪክ የሚወስዱት ትምህርት አላቸው።

በመነዌ መንገድ እንጀራ የተሸከሙት ሰዎች ወደ ራስ አሉላ ግቢ እንሄዳለን ያሉት ሊያፌዙ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ግን ጠላት በመጣ ቁጥር የአገሩ ሁሉ ዐይን የሚመለከተው ወደዚያው ግቢ ሆነ። ደጁ ላይ የደረሰ ሰው የጌታውን አባት ስም ሳይሆን ሥራውን ቢጠይቅ ኖሮ፥ ለጌታውም ለአገሩም በተሻለ ነበር።