ከጦር ሜዳ ወደ እርሻ ዳር፣ ከእርሻ ዳር ወደ ጦር ሜዳ፦ የአንድ ጠብመንጃ ታሪክ

(ዓመቶቹ፣ በተለይ ካልተጠቀሰ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአሜሪካ ገጠር የሚኖር አንድ ሰው ሰብል የሚያበላሹ ትንንሽ አውሬዎችን ለመምታትና በዕረፍት ቀኑ ዒላማ ለመተኮስ የሚሆን ጠብመንጃ ፈልጎ መሣሪያ መሸጫ ቢገባ፣ ሻጩ ብዙ ጊዜ ከመደርደሪያው የሚያወርድለት በእጅ እየተቀባበለ የሚተኮሰውን ነው። አንዴ ይተኮሳል። መቀርቀሪያው ተነስቶ ወደ ኋላ ሲሳብ ባዶው ቀለህ ይወጣል፤ ወደ ፊት ሲገፋ አዲስ ጥይት ይገባል። ይህ አሠራር ከ150 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ታላላቆቹ ሠራዊቶች ለተራ ወታደር ማስታጠቅ ካቆሙም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗል። ታዲያ ገዢው ለምን ወደዚህ አሮጌ ነገር ይመለሳል?

መልሱ ናፍቆት አይደለም። ሠራዊቶች ፍጥነትን ሲያሳድዱ፣ አንድን ጥይት በትክክል የማሳረፍን ጥበብ ያሳደጉት በአብዛኛው አዳኞችና የዒላማ ተወዳዳሪዎች ስለነበሩ ነው። ሠራዊቱ ያንን ጥበብ ሲፈልግ ከእነሱ ደጅ ሄዶ ወሰደ።

መሣሪያው ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ቅድመ አያቶቻችን ውጅግራ ያሉት የፈረንሳዩን የ1874 ግራ ጠብመንጃ ነው፤ ምንሽር ያሉት ደግሞ የኦስትሪያውን ማንሊኸር። ሁለቱም በእጅ የሚቀባበሉ ናቸው። አድዋ ላይ የጣሊያን ወታደር የያዘው ቬተርሊም እንዲሁ ነበር።

አሠራሩ በሠራዊት ደረጃ መጀመሪያ የገባው በፕሩሲያ ነው። ድራይዘ የተባለው ጠብመንጃ በ1866 ከኦስትሪያ ጋር በተደረገው ጦርነት አቅሙን አሳየ። ኦስትሪያውያን በአፈሙዝ በኩል ባሩድና እርሳስ ለመጠቅጠቅ መቆም ነበረባቸው፤ ፕሩሲያዊው ግን ምድር ላይ ተኝቶ ያጎርሳል፣ ይተኩሳል። ከዚያ በኋላ ጀርመናዊው ፓውል ማውዘር አሠራሩን ደረጃ በደረጃ አሻሽሎ በ1898 ሞዘር 98ን አስገኘ። ቀለሁን አጥብቆ የሚይዝ መንጠቆና መቀርቀሪያውን ከፊት የሚቆልፉ ሁለት ጠንካራ ጥርሶች ነበሩት። ዛሬ የሚሸጡ የአደን ጠብመንጃዎች በብዛት የዚህ ንድፍ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው።

አሜሪካኖች የሞዘርን ኃይል ያዩት በራሳቸው ላይ ነው። በ1898 ኩባ ውስጥ ሳን ህዋን ኮረብታ ላይ ስፔናውያን በቀደመው የ1893 ሞዘር ክፉኛ ጎዷቸው። ከዚያ ትምህርት የወጣው ስፕሪንግፊልድ 1903 ለሞዘር ንድፍ እጅግ ከመቅረቡ የተነሳ፣ የአሜሪካ መንግሥት ለማውዘር ኩባንያ 200,000 ዶላር የፈጠራ መብት ክፍያ ከፍሏል። በዚያው በ1903 ኮንግረስ ሲቪሉ ተኩስ እንዲለማመድ የሚያበረታታ ቦርድ አቋቋመ። ከ1907 ጀምሮም በኦሃዮ ካምፕ ፔሪ ወታደርና ሲቪል ጎን ለጎን የሚወዳደሩበት ብሔራዊ የዒላማ ውድድር መካሄድ ጀመረ።

እዚህ ላይ ጠብመንጃው መንገዱን ቀየረ። የእኛ ገበሬ ማማ ላይ ሆኖ ዝንጀሮን በወንጭፍ እንደሚከላከለው ሁሉ፣ በምሥራቅ አሜሪካ ያለው ገበሬ ከዉድቸክ ጋር ይታገላል። ድመት የሚያህል፣ ከአይጥ ወገን የሆነ፣ ማሳ ውስጥ ጉድጓድ የሚቆፍር እንስሳ ነው። በምዕራብ ደግሞ ከእሱ የሚያንሰው ፕሬሪ ዶግ አለ። እንስሳቱ ሰው ሲቀርብ ጉድጓድ ስለሚገቡ ከ200 እና ከ300 ሜትር መተኮስ ግድ ይላል። ለሰውና ለትልቅ አውሬ የተሠራው የጦር ሜዳ ጥይት ለዚህ አይመችም፤ ትከሻ ይመታል፣ ድምፁ ጎረቤት ይረብሻል፣ ከባዱ እርሳስም ምድር ነክቶ ሊነጥር ይችላል።

ስለዚህ አዳኞቹ ሌላ ነገር ፈለጉ፦ ትንሽ፣ ቀላልና እጅግ ፈጣን ጥይት። በ1930 .22 ሆርኔት ገበያ ላይ ዋለ። በ1935 .220 ስዊፍት መጣና እርሳሱን በሰከንድ ከ1,200 ሜትር በላይ አስፈነጠረው፤ ነገር ግን አፈሙዝ ቶሎ ይበላል የሚል ስም አተረፈ። በ1950 የሬሚንግተን መሐንዲስ ማይክ ዎከር .222 ሬሚንግተንን አወጣ። ዎከር ራሱ የዒላማ ተወዳዳሪ ነበር። የእሱ ጥይት ከትከሻ የማይከብድ፣ አፈሙዝ የማይጨርስ፣ ከሁሉም በላይ ደጋግሞ አንድ ቦታ የሚያርፍ ሆነ። የዒላማ ውድድሮችንም ለሃያ ዓመት ያህል ገዛ።

ከጥይቱ ጋር ጠብመንጃውም ተለወጠ። አፈሙዙ ወፈረ፤ ወፍራም ብረት ቶሎ አይግልም፣ ሲተኮስም ንዝረቱ ያንሳል። ምላጩ ለስላሳ ሆነ፤ ከባድ ምላጭ ሲሳብ ጠብመንጃውን ያነቃንቃልና። በእጅ የሚቀባበለው አሠራር ግን አልተነካም። እርሳሱ አፈሙዙን ለቆ እስኪወጣ ድረስ መቀርቀሪያው ከቦታው አይነቃነቅም። በራሱ የሚያጎርስ መሣሪያ ግን ለሥራው ጋዝ ይቀንሳል፣ ብረትም ያንቀሳቅሳል።

በ1950ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ጦር ቀላል ጥይት የሚተኩስ አዲስ መሣሪያ ሲፈልግ፣ መሐንዲሶቹ መነሻ ያደረጉት ይህንኑ .222 ነበር። ቀለሁ ረዘም ብሎ .223 ሬሚንግተን ሆነ፤ በወታደራዊ ስሙ 5.56 ተባለና የኤም 16 ጥይት ሆነ። ለዉድቸክ የታሰበ ጥይት ዘመድ ቬትናም ገባ።

ጠብመንጃውም ተከተለ። የአሜሪካ ጦር ከሁለቱ የዓለም ጦርነቶች በኋላ የአልሞ ተኳሽ ሥልጠናውን በትኖት ስለነበር ቬትናም ሲገባ ዝግጁ አልነበረም። የባሕር ኃይል እግረኛው በመጀመሪያ ለዒላማ ውድድር የተገዙ ዊንቸስተር 70 ጠብመንጃዎችን ከመጋዘን አወጣ። ስሙ የገነነው አልሞ ተኳሽ ካርሎስ ሃትኮክ ከዘመቻው በፊት በ1965 ካምፕ ፔሪ ላይ በ1,000 ያርድ፣ ማለትም በ914 ሜትር፣ የዊምብልደን ዋንጫን ያሸነፈ ተወዳዳሪ ነበር። በ1966 ደግሞ ወፍራም አፈሙዝ ያለው ሬሚንግተን 700 ተመርጦ ኤም 40 ተባለ። ይህ ሲቪሉ ለአደን ከ1962 ጀምሮ ይገዛው የነበረ ጠብመንጃ ነው። ምድር ጦሩም በ1988 ኤም 24ን የሠራው በዚሁ ላይ ነው።

ዛሬ ጠብመንጃ የሚመርጥ አዳኝ ይህን ታሪክ ባያውቀውም ይኖርበታል። .223 ቢመርጥ ጥይቱ እንደ ልብ የሚገኘውና ዋጋው የሚቀንሰው ወታደራዊ ዘመዱ በገፍ ስለሚመረት ነው። ግን ጥንቃቄ አለው፤ 5.56 ተብሎ የተመረተ ጥይት ለ.223 ብቻ በተበጀ ጠብመንጃ ሲተኮስ ግፊቱ ከልክ ሊያልፍ ይችላል። ርቀት ከፈለገ .22-250 ይሻለዋል፤ በምትኩ ቶሎ የሚበላ አፈሙዝ ይቀበላል። የአፈሙዙ ውስጠኛ ጠመዝማዛም መታየት አለበት፦ በ30 ሴንቲሜትር አንዴ የሚዞረው 3 ግራም አካባቢ ለሆነ ቀላል እርሳስ፣ በ20 ሴንቲሜትር የሚዞረው ወደ 5 ግራም ለሚጠጋው የረጅም ርቀት እርሳስ ይስማማል። ወፍራም አፈሙዝ ተቀምጦ ለሚተኩስ ጥሩ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ተሸክሞ ለሚሄድ ግን ሸክም ነው።

ጉዳዩ ከአዳኙ ኪስ አልፎ ወደ ሕግ የሚገባው እዚህ ነው። አውስትራሊያ በ1996 ከፖርት አርተር ጭፍጨፋ በኋላ፣ ኒውዚላንድ በ2019 ከክራይስትቸርች በኋላ፣ በራሳቸው የሚያጎርሱ መሣሪያዎችን አብዛኞቹን ከሲቪል እጅ ሰበሰቡ። በእጅ የሚቀባበለውን ግን በፈቃድ ተዉት። ገበሬው ጥንቸልና ሌላ አጥፊ እንስሳ ይከላከልበታል፤ ብዙ ሰው በአጭር ጊዜ ለመግደል ግን አዝጋሚ ነው። መቀርቀሪያው የሕግ ድንበር ሆነ ማለት ነው።

ድንበሩ ግን ብቻውን አይበቃም። የኤም 40 ታሪክ እንደሚያሳየው የአዳኙና የአልሞ ተኳሹ ጠብመንጃ በብረቱ አንድ ነው። የሁለቱ አገሮች ሕግ አሠራሩን ብቻ አይቶ ያልቆመውም ለዚህ ነው፤ ባለቤቱ ማን ነው፣ የት ቆልፎ ያስቀምጠዋል ብሎም ይጠይቃል። የአውስትራሊያው እንዲያውም ለምን እንደፈለገው በቂ ምክንያት እንዲያቀርብ ያስገድደዋል። በኢትዮጵያም አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ ያለ ፈቃድ እንዳይያዝ ደንግጓል። ፈቃድ ሰጪው የመሣሪያውን ዓይነት ብቻ መዝግቦ ዓላማውንና አያያዙን ካልጠየቀ ግን፣ ዝንጀሮ የሚጠብቀውን ገበሬና ሰው የሚጠብቀውን ተኳሽ በአንድ መዝገብ አስፍሯቸዋል።