አንዱ ፊልም እንዴት ሁለት ሆነ?
በራዲዮ የተሰጠ ንግግር

  ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ መሣሪያ ታሪክ ነው። መሣሪያው ከእንጨት የተሠራ ትንሽ ሳጥን ነው። በእጅ የሚዞር መዘውር አለው። አንድ ሰው ብቻውን አንሥቶት ይሄዳል። ይህ ሳጥን የፊልም ጥቅልን እየሳበ ያትም ነበር። ዓመቶቹን የምንጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በእኛ አቆጣጠር የምንጠራውን ለይተን እንነግራችኋለን።

እስቲ አስቀድመን አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። በፊልም ዘመን ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶግራፍ የተነሣችሁ ትኖራላችሁ። ፎቶ አንሺው የተኮሰው አንድ ጊዜ ነው። የሰጣችሁ ግን አራት ፎቶግራፍ ነው። ከወር በኋላ ተመልሳችሁ ብትጠይቁት ሌላ አራት ይጨምርላችኋል። እናንተ ግን ዳግመኛ አልተነሣችሁም። ታዲያ ይህ እንዴት ሆነ?

ምሥጢሩ ኔጋቲቭ የሚባለው ነው። ኔጋቲቭ በካሜራው ውስጥ ብርሃን ያየውና በመድኃኒት የታጠበው ፊልም ነው። በኔጋቲቭ ላይ ሁሉ ነገር ተገልብጦ ይታያል። ጥቁሩ ጸጉር ነጭ ይሆናል። ነጩ ሸሚዝ ጥቁር ይሆናል። ኔጋቲቩን በአዲስ ወረቀት ፊት አድርገው ብርሃን ሲያሳልፉበት የተገለበጠው ይቃናል። ጥቁሩ ጥቁር፣ ነጩ ነጭ ይሆናል። ይህን ሥራ ማተም እንለዋለን። እንግዲህ ኔጋቲቩ እናት ነው፤ የሚታተሙት ፎቶግራፎች ልጆቹ ናቸው። እናቲቱ ካለች ልጆቹ ይበዛሉ።

አንድ ፎቶግራፍ ማተም ቀላል ነው። አንድ ወረቀት፣ አንድ ብርሃን፣ አበቃ። ነገር ግን ስለ ሲኒማ አስቡ። ሲኒማ ብዙ ትናንሽ ሥዕሎች ተከታትለው የሚያልፉበት ነው። በመጀመሪያው ዘመን በአንድ ሴኮንድ 16 ያህል ሥዕሎች ያልፉ ነበር። አንድ ፊልም 50 ሴኮንድ ያህል ይቆያል። እስቲ አስሉት፤ 16 በ50 ሲባዛ 800 ነው። ስምንት መቶ ሥዕሎች በአንድ ረጅም የፊልም ጥቅል ላይ ተደርድረዋል። የጥቅሉ ርዝመት 17 ሜትር ያህል ነው። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ በእጅ እያስቀመጡ ማተም ማን ይችላል? ቢቻልስ፣ አንዱ ሥዕል ትንሽ ወደ ላይ፣ ሌላው ትንሽ ወደ ታች ቢሆን በሸራው ላይ ሰዎቹ ይንቀጠቀጣሉ። ችግሩ ይህ ነበር።

ይህን ችግር ከፈቱት ሰዎች መካከል ሁለት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች ይገኛሉ። ታላቁ ኦጉስት ሉሚየር በ1862 ተወለደ። ታናሹ ሉዊ ሉሚየር በ1864 ተወለደ። አባታቸው አንትዋን ፎቶ አንሺ ነበር። ቤተ ሰቡ በሊዮን ከተማ፣ ሞንፕሌዚር በሚባል ሰፈር፣ ፎቶግራፍ የሚነሣባቸውን የመስተዋት ሰሌዳዎች የሚሠራ ፋብሪካ ነበረው። ስለዚህ ልጆቹ የብርሃንንና የመድኃኒትን ሥራ ከልጅነታቸው ያውቁ ነበር።

በ1894 አባትየው ፓሪስ ውስጥ አንድ አዲስ ነገር አየ። ከአሜሪካ፣ ከኤዲሰን ቤት የመጣ ኪኔቶስኮፕ የሚባል ሣጥን ነው። በሣጥኑ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሥዕል አለ። ግን የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያውም በቀዳዳ አጎንብሶ። አባትየው ይህን ሥዕል ከሣጥኑ ማውጣት አለባችሁ ብሎ ልጆቹን አሳሰባቸው።

ሥራው ወዲያው አልተሳካም። ፊልሙን መሳብ ብቻውን አይበቃም። እየሳቡ ማቆም፣ አቁሞ እንደገና መሳብ ያስፈልጋል። ሥዕሉ ብርሃን የሚቀበለው በቆመበት ቅጽበት ነውና። ሳይቆም ቢያልፍ ይደበዝዛል። ኦጉስት በኋላ እንደ ተናገረው፣ ወንድሙ ሉዊ አንድ ሌሊት አሞት እንቅልፍ አጣ። በዚያች ሌሊት መላው መጣለት። መላውም የስፌት መኪናን አሠራር የመሰለ ነበር።

የስፌት መኪና አይታችኋል አይደል? ልብሰ ሰፊው ሲሠራ ልብ በሉ። መርፌው ሲወርድ ጨርቁ ይቆማል። መርፌው ሲወጣ ከሥር ያሉት ትናንሽ ጥርሶች ጨርቁን ጥቂት ወደ ፊት ይስቡታል። ደግሞ ይቆማል። ደግሞ ይሳባል። የሉሚየሮችም መሣሪያ እንዲሁ ነው። በእያንዳንዱ ሥዕል ግራና ቀኝ አንድ አንድ ክብ ቀዳዳ አለ። ሁለት ትናንሽ የብረት ጥፍሮች በቀዳዳዎቹ ይገባሉ። ፊልሙን አንድ ሥዕል ያህል ወደ ታች ይስባሉ። ከዚያ ከቀዳዳው ወጥተው ወደ ላይ ይመለሳሉ። በዚህ ጊዜ ፊልሙ ቆሟል። ፊልሙ በሚሳብበት ጊዜ ደግሞ አንድ የሚዞር ክብ ቆርቆሮ ብርሃኑን ይጋርዳል። ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው በእጅ የሚዞረው መዘውር ነው። መዘውሩ አንድ ጊዜ ሲዞር 8 ሥዕሎች ያልፋሉ። በሴኮንድ ሁለት ጊዜ ሲዞር 16 ይሆናል።

የመጀመሪያውን ሙከራ የሠራው ሻርል ሙዋሶን የሚባል የፋብሪካው መካኒክ ነው። መጀመሪያ የሞከሩት በወረቀት ጥቅል ነበር። ወረቀት ግን ብርሃን በደንብ አያሳልፍም። ስለዚህ ብርሃን የሚያሳልፍ ሴሉሎይድ የሚባል ነገር አገኙ። በየካቲት 13 ቀን 1895 ሥራቸውን በመንግሥት ዘንድ አስመዘገቡ። መሣሪያውን ሲኒማቶግራፍ አሉት። በኋላም ዡል ካርፓንቲዬ የሚባል የፓሪስ መሐንዲስ መሣሪያውን በብዛት ሠራው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ሲኒማቶግራፍ አንድ መሣሪያ ሲሆን ሦስት ሥራ ይሠራ ነበር። አንደኛ፣ ፊልም ያነሣል። ሁለተኛ፣ ፊልም ያትማል። ሦስተኛ፣ ከመብራት ፊት ሲቆም ፊልም ያሳያል። ብዙ ሰው አንደኛውንና ሦስተኛውን ያውቃል። መካከለኛውን ግን ይዘነጋዋል። ያለ መካከለኛው ግን ሌሎቹ ሁለቱ አይገናኙም።

ማተሙ እንዲህ ነበር። ሠራተኛው በመጀመሪያ የታጠበውንና የደረቀውን ኔጋቲቭ ይይዛል። ቀጥሎ ገና ብርሃን ያላየ አዲስ ፊልም ያዘጋጃል። ሁለቱን ፊልሞች ፊት ለፊት ያጋጥማል፤ ቀዳዳው በቀዳዳው ላይ ይሆናል። ኔጋቲቩ ብርሃን በሚመጣበት በኩል ነው። አዲሱ ፊልም ከኔጋቲቩ ጀርባ ነው። ከዚያ የመሣሪያውን ሌንስ ያወጣዋል፤ ለማተም ሌንስ አያስፈልግምና። የመሣሪያውን አፍ ፀሐይ ወዳረፈበት ነጭ ግድግዳ ያዞራል። መዘውሩንም ማዞር ይጀምራል።

ጥፍሮቹ ሁለቱን ፊልሞች አንድ ላይ ይስባሉ። ይቆማሉ። ከግድግዳው የመጣው ብርሃን በኔጋቲቩ አልፎ አዲሱን ፊልም ይነካል። ይጋረዳል። ደግሞ ይስባሉ። ስምንት መቶ ጊዜ እንዲህ ነው። መዘውሩን መቶ ጊዜ ያህል ማዞር ማለት ነው። ሲያልቅ አዲሱ ፊልም በጨለማ ክፍል ይታጠባል። የተገለበጠው ተቃንቶ ይወጣል። አንዱ ፊልም ሁለት ሆነ።

ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ እጅ ግን ይፈትናል። እጅ ቢዘገይ ብርሃኑ ይበዛል፤ ሥዕሉም ይጠቁራል። እጅ ቢፈጥን ብርሃኑ ያንሳል፤ ሥዕሉም ይገረጣል። አንድ ጊዜ ፈጠን፣ አንድ ጊዜ ዘግየት ካለ፣ በሸራው ላይ ቀኑ አንዴ ይመሻል፣ አንዴ ይነጋል። በሁለቱ ፊልሞች መካከል አንዲት አቧራ ብትገባ፣ ሥዕሉ በሸራ ላይ ሲገዝፍ አቧራዋም ጠጠር ታክላለች። ስለዚህ መዘውር አዟሪ ለመሆን ጉልበት ብቻ አይበቃም። እኩል የሚሄድ፣ የማይቸኩል እጅ ያስፈልጋል።

ታኅሣሥ 28 ቀን 1895 ወንድማማቾቹ ፊልማቸውን ፓሪስ ውስጥ ግራን ካፌ በተባለ ቡና ቤት ምድር ቤት አሳዩ። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 19 ቀን 1888 ዓ.ም. መሆኑ ነው። አባቶቻችን ዓድዋ ላይ ድል ያደረጉት ከዚያ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ የካቲት 23 ቀን ነበር። በዚያ ምሽት የመግቢያው ዋጋ 1 ፍራንክ ነበር። ከፍለው የገቡት 33 ሰዎች ናቸው። አሥር ፊልሞች ታዩ። ሁሉም በእጅ የተነሡ፣ በእጅ የታተሙና በእጅ እየዞሩ የታዩ ነበሩ።

ከ1896 ጀምሮ የሉሚየር ሠራተኞች መሣሪያውን ይዘው ወደ ብዙ አገር ተጓዙ። ወደ ሩሲያ፣ ወደ ሜክሲኮ፣ ወደ ግብፅ፣ ወደ ጃፓን ሄዱ። መሣሪያው ሦስቱንም ሥራ ስለሚሠራ በሄዱበት አገር ፊልም ማንሣት፣ ማተምና ማሳየት ይችሉ ነበር።

አሁን የምንነግራችሁ ታሪክ የሚያሳዝን ነው። በግንቦት 1896 ዳግማዊ ተብሎ የነገሠው የሩሲያው ንጉሥ ኒኮላስ ሞስኮ ላይ ዘውድ ጫነ። ቅድም ስሙን ያነሣነው ሻርል ሙዋሶን ከወጣቱ ፍራንሲስ ዱብሊዬ ጋር ሆኖ በዓሉን አነሣ። ያ ፊልም ታትሞ በዛ፤ ዛሬም ይታያል። ከአራት ቀን በኋላ ግን ሆዲንካ በሚባል ሜዳ ለሕዝቡ ስጦታ ይታደላል ተባለ። እጅግ ብዙ ሕዝብ መጣ። መገፋፋት ሆነ። ከ1,300 በላይ ሰዎች ተረጋግጠው ሞቱ። ዱብሊዬ በኋላ ዘመን እንደ ተረከው፣ ያንንም አንሥተውት ነበር። ፖሊሶች ግን መሣሪያውንና ፊልሙን ወሰዱባቸው። ያ ፊልም ከዚያ ወዲያ አልታየም።

ልብ በሉ። የንጉሡ በዓል ቀረ፤ የሞቱት ድሆች ሥዕል ግን ጠፋ። አንዱ ተባዝቶ ነበር፤ ሌላው ለመባዛት ጊዜ አላገኘም። ካልታተመ አንድ ነው። አንድ የሆነ ነገር ደግሞ በአንድ እጅ ይጠፋል።

ማተሙም ራሱ ዋጋ ያስከፍል ነበር። ኔጋቲቩ በታተመ ቁጥር በጥፍሮቹ ይሳባል፤ ይጫራል፤ ቀዳዳው ይሰፋል። እናት ልጅ በወለደች ቁጥር ጉልበቷ እንደሚደክም ማለት ነው። ሉሚየሮች ሠራተኞች ከፋብሪካቸው በር ሲወጡ የሚያሳይ ዝነኛ ፊልም አላቸው። ይህ ፊልም ዛሬ በሦስት ዓይነት ይገኛል። በአንዱ ጋሪውን የሚስበው አንድ ፈረስ ነው። በሌላው ሁለት ፈረስ ነው። በሦስተኛው ፈረስ የለም። ለምን ደጋግመው አነሡት? አንዱ ምክንያት ኔጋቲቩ በማተም ብዛት ስላለቀ ነው ይባላል።

በኋላ ዘመን የማተሙን ሥራ በሞተር የሚሄዱ ትልልቅ መሣሪያዎች ወሰዱት። ዛሬ ብዙ ሰው በስልኩ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ በጣቱ ነክቶም ለዘመድ ይልካል። መዘውርም፣ ኔጋቲቭም የለም። ቢሆንም ከሉሚየሮች ቤት የወጡት ፊልሞች ከ1,400 ይበልጣሉ፤ አብዛኞቹም እስከ ዛሬ አሉ።

ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ ሕዝቡ የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ ጠራው። አይፈረድበትም። ሰው አሠራሩን ያላወቀውን ነገር ይፈራል። እናንተ ግን አሁን አሠራሩን አወቃችሁ። በውስጡ ሰይጣን የለም። ያለው ሁለት ጥፍር፣ ጥቂት ብርሃንና የማይቸኩል እጅ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። የጥንት ቁም ጸሐፊዎቻችን መጽሐፍ በብራና ላይ ሲገለብጡ፣ አንዱ መጽሐፍ ቢቃጠል ሌላው በሌላ ደብር ይተርፍ ነበር። እነርሱም በአንድ ቀን አይጨርሱም። ፊደል ጽፈው ያቆማሉ፤ ብርዕ ነክረው ይቀጥላሉ። እናንተም ፊደል ስትቆጥሩ እንዲሁ ነበር። አንድ ፊደል፣ ማቆም፤ ሌላ ፊደል፣ ማቆም። ዛሬ የምታውቁትን ነገር ለአንድ ሌላ ሰው ብታነቡለት፣ እውቀቱ አንድ መሆኑ ቀርቶ ሁለት ይሆናል።

ከመሰናበታችን በፊት በቡድን ሆናችሁ የምትወያዩባቸው ሦስት ጥያቄዎች እነሆ።

1. ፊልሙ ብርሃን በሚቀበልበት ጊዜ ለምን መቆም አለበት?
2. መዘውር አዟሪው ቢዘገይ የሚታተመው ሥዕል ምን ይሆናል?
3. በቤታችሁ ወይም በሠፈራችሁ አንድ ብቻ የሆነና ቢጠፋ የማይተካ ጽሑፍ ወይም ፎቶግራፍ አለ? እንዴት ይባዛ?