ዳቦና ቆሎ፦ የጊኒ ፒግ አስቤዛ ታሪክ

ዳቦ የሞተችው ወደ ቡሹሎ በመጣች በሃያ አራተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። የእህቴ ልጅ "አጎቴ፣ ዳቦ አልነሳም አለች" ብላ ስትጠራኝ ግቢ ውስጥ ፊቴን እየታጠብኩ ነበር። ሄጄ ሳይ የኋላ እግሮቿን ዘርግታ በጎኗ ተኝታለች። ጸጉሯ ተንጨባሯል፣ አፏ አካባቢ የደረቀ ደም አለ። ቆሎ አጠገቧ ተለጥፋ ጸጥ ብላለች።

ዳቦና ቆሎ ጊኒ ፒጎች ናቸው፤ ሁለቱም ሴቶች። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ከአገር ሲወጣ "ለልጅቷ ይሁኑላት" ብሎ በካርቶን አስረከበኝ። ስም ያወጣችላቸው እሷ ናት፤ ቡናማዋን ዳቦ፣ ጠቃጠቆዋን ቆሎ አለቻቸው። ሰፈሩ ግን ስማቸውን አልተቀበለም። አጥር የምንጋራቸው እናት ገና ሲያዩዋቸው "እናንተ ልጆች፣ ደግሞ አይጥ መቀለብ ጀመራችሁ?" አሉን። ጆሮዋ የተቆረጠ ጥንቸል ናት ያለም ነበር።

ዳቦን የገደልኳት እኔ ነኝ። መትቻት ወይም ረስቻት አይደለም፤ በገዛሁላት አስቤዛ ነው።

ጓደኛዬን ምን እንደሚበሉ ስጠይቀው ሻንጣውን እየዘጋ "ጥንቸል የሚበላውን" አለኝ። ጥንቸል ያረባ የነበረ የሰፈር ልጅ ደግሞ "እርጥብ ቅጠል ሆዳቸውን ይነፋዋል፣ ደረቅ ደረቁን ስጧቸው" ብሎ መከረን። ስለዚህ ገበያ ሄጄ ፉሩሽካና የተከካ በቆሎ ገዛሁ። የደረቀ ዳቦ ቤት ውስጥ አይጠፋም። ለመኝታ ከአናጺ ቤት አንድ ማዳበሪያ ሰጋቱራ አመጣሁ፣ ከላዩ የጤፍ ጭድ በተንኩበት። በርካሽ ተወጣሁት ብዬ ኩራት ቢጤም ተሰምቶኝ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ዳቦ ማነከስ ጀመረች። ልጅቷ "ስነካት ታለቅሳለች" አለችኝ። ጥላት ይሆናል ብዬ ልጅቷን ተቆጣሁ። ይሄ እስካሁን ይቆጨኛል።

ዳቦን ከቀበርን በኋላ የእንስሳት ሐኪም የሆነ የዶርም ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። "ምን ነበር የምታበላቸው?" አለኝ። ዘረዘርኩለት። "ቅጠልስ?" "አይ።" "እርጥብ ሣር?" "ጭድ አለ..." ትንሽ ዝም አለና "ስኩርቪ ነው። ለቀረችዋ አሁኑኑ ፈረንጅ ቃሪያ ስጣት" አለኝ።

ታሪክ ነው የተማርኩት። ስኩርቪን የማውቀው ከቫስኮ ዳ ጋማ መርከበኞች ነው፤ በ1541 አራት መቶ ያህል ወታደር ይዞ ወደ እኛ የመጣው የክሪስቶፎ ዳ ጋማ አባት ማለቴ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አባትየው ሕንድ ደርሶ ሲመለስ መርከበኞቹ ድዳቸው እያበጠ፣ እየደማ፣ ብዙዎቹ አልቀዋል። የባሕር በሽታ ነው ብዬ አውቀው የነበረው ሐዋሳ ድረስ፣ ያውም በካርቶን ውስጥ ይመጣል ብዬ እንዴት ልጠርጥር? ማታ ስልኬን ይዤ ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ቦታ ላይ ስደርስ የራሴን የገበያ ዝርዝር ያነበብኩ መሰለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክሰል ሆልስት የሚባል ኖርዌያዊ የንጽህና አጠባበቅ ሊቅና የሕፃናት ሐኪሙ ቴዎዶር ፍሮሊክ ክሪስቲያንያ ውስጥ፣ የዛሬዋ ኦስሎ፣ የኖርዌይ መርከበኞችን የሚያሠቃይ አንድ በሽታ ያጠኑ ነበር። ቤሪቤሪ ነው ብለው ጠርጥረዋል። ቤሪቤሪን በወፍ ላይ ማምጣት እንደሚቻል አስቀድሞ ታውቋል፤ ሆላንዳዊው ኤይክማን ጃቫ ላይ የተፈተገ ሩዝ ብቻ የበሉ ዶሮዎች ሲታመሙ አይቷል። ሆልስት ግን የሚያጠባ እንስሳ ፈለገ። የመረጠው ጊኒ ፒግን ነው። እህልና ዳቦ ብቻ አበላቸው።

የታመሙት ግን በቤሪቤሪ አልነበረም። መገጣጠሚያቸው አበጠ፣ አጥንታቸው ተሰባሪ ሆነ፣ ድዳቸው ደማ፣ ጥርሳቸው ተነቃነቀ። ስኩርቪ! ጥሬ ጥቅል ጎመን ወይም የሎሚ ጭማቂ የተጨመረላቸው ደህና ሆኑ። በ1907 ያሳተሙት ጽሑፍ ስኩርቪን ላቦራቶሪ ውስጥ በእንስሳ ላይ ለማጥናት በር ከፈተ። ከዚያ በፊት የነበረው መንገድ ሰው ላይ መሞከር ነው፤ ጄምስ ሊንድ በ1747 በእንግሊዝ የጦር መርከብ ላይ 12 በሽተኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ ከፋፍሎ ለሁለቱ ብርቱካንና ሎሚ እንደሰጠው ማለት ነው።

ዕድል የሚባለው ይሄ ነው። ሆልስት አይጥ ቢመርጥ ኖሮ ስኩርቪ የሚባል አያይም ነበር። አይጥ፣ ውሻ፣ ላም፣ ፍየል ቫይታሚን ሲን ጉበታቸው ውስጥ ከስኳር ይሠሩታል። ጊኒ ፒግ ግን የመጨረሻዋን እርምጃ የምትሠራው ኢንዛይም ዘረመሏ ተበላሽቶባታል። የእኛም ተበላሽቷል፣ የጦጣም። እህቴ ግቢ ያለችው ፍየል ሎሚ የሚባል ሳታይ ዕድሜዋን ትጨርሳለች። እኔ፣ የእህቴ ልጅ፣ ሐይቁ ዳር የሰው ምሳ የሚነጥቁት ጦጣዎችና ቆሎ ግን በዚህ ነገር አንድ ቤተሰብ ነን።

ንባቤ እዚህ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ግን "ስኩርቪ" የሚለውን ቃል ስከተል የኛ ሰዎች መጡ።

በ1977 እና 78 የኦጋዴን ጦርነት ብዙ ሕዝብ ወደ ሶማሊያ አሰደደ። በ1984 እና 85 ደግሞ ረሃቡና ጦርነቱ ከሰሜን ወደ ሱዳን አሻገረ። ካምፕ ውስጥ የሚታደለው ራሽን በዋናነት እህል፣ ጥራጥሬና ዘይት ነው። በመርከብ የሚጓዝ፣ መጋዘን ውስጥ ወራት የሚቆይ፣ የማይበሰብስ። ትኩስ ነገር የለም። በ1980ዎቹ በእነዚህ ካምፖች ውስጥ በኢትዮጵያውያን ስደተኞች ላይ ስኩርቪ ደጋግሞ ተነሳ። በ1989 የዓለም ጤና ድርጅት ቡለቲን ላይ የወጣ ጥናት እንደሚለው ሰዎቹ ካምፕ ውስጥ የቆዩበት ጊዜ በረዘመ ቁጥር የመታመም ዕድላቸው ይጨምራል፤ ሴቶችም ይበልጥ ይጎዳሉ።

ሆልስትና ፍሮሊክ ከጻፉ ከሰባ ዓመት በላይ አልፏል። ቫይታሚን ሲ ስሙም፣ ቅመማውም፣ ዋጋውም ታውቋል፤ ክኒኑ በየፋርማሲው ይሸጣል። ሆኖም ከረሃብ ያመለጠ ሰው የቀረበለት የክሪስቲያንያው ሣህን ነው። በእርግጥ እህሉ ባይላክ የሚከተለው ከስኩርቪም ይከፋ ነበር፤ የላኩትን መውቀስ ቀላል ነው፣ ስንዴ ከሎሚ ይልቅ ለመርከብ ይመቻል። ግን ዳቦ ሳላውቅ ነው የሞተችብኝ። ያኔ ግን ይታወቅ ነበር፣ ከዚያች ከዳቦ ዘመዶች ሬሳ ተነቦ። አያቶቻችን ወይም ጎረቤቶቻቸው በዚያ ካምፕ ካለፉ፣ "እግሬን አሞኝ መራመድ አቅቶኝ ነበር" ያሉትን ስንሰማ የድካም ወሬ መስሎን አልፈነው ይሆናል።

ወደ ቆሎ ልመለስ። ያን ዕለት ፈረንጅ ቃሪያ አምጥቼ በቀጭኑ ከትፌ ሰጠኋት። አሽትታ ተወችው። ለምን ቃሪያ እንደታዘዘላት የገባኝ በኋላ ነው። ሀንጋሪያዊው አልበርት ሰንት-ጆርጂ በ1928 ከእንስሳ እጢና ከአትክልት አንድ ነጭ ዱቄት ለይቶ አውጥቶ ነበር። በ1932 ሴጌድ ከተማ ውስጥ ጆሴፍ ስቪርቤሊ ያንኑ ዱቄት ለጊኒ ፒጎች ሰጥቶ ቫይታሚን ሲ መሆኑን አሳየ። ግን ዱቄቱ አለቀ። ሰንት-ጆርጂ ራሱ እንደሚተርከው፣ አንድ ማታ ሚስቱ ለእራት ትኩስ ቃሪያ አቀረበችለት። መብላት አልፈለገም፣ እንዳላሰኘው ለመናገርም አልደፈረም። "ይህንንማ መርምሬው አላውቅም" ብሎ ወደ ላቦራቶሪ ይዞት ሮጠ። ሴጌድ የቃሪያ አገር ናት። ብዙም ሳይቆይ ቫይታሚን ሲን በኪሎ ማምረት ቻለ፤ በ1937 ኖቤል ተሸለመ። (እኛም የቃሪያ አገር ነን። ችግሩ አብዛኛውን አድርቀን እንፈጨዋለን፤ ሲደርቅ ደግሞ አብዛኛው ቫይታሚን ሲ ይጠፋል።)

ቆሎ ቃሪያውን የለመደችው በሦስተኛው ቀን ነው። ከሁሉ በፊት የበላችው ግን ዘይቱን ነው፤ ጓቫ የምትሉት። 100 ግራም ዘይቱን ውስጥ ከ200 ሚሊግራም በላይ ቫይታሚን ሲ አለ፤ ብርቱካን ሩቡን ያህል ቢኖረው ነው። አንድ ጊኒ ፒግ ለኪሎ ክብደቷ በቀን ከ10 እስከ 30 ሚሊግራም ይበቃታል፣ ስትታመም ትንሽ ከፍ ይላል። ኪሎ የማትሞላው ቆሎ የሚያስፈልጋት መድኃኒት ግቢያችን ውስጥ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው። እየበሰለ ይወድቃል፣ ወፍ ይበላዋል፣ እኔ ፉሩሽካ እሸከማለሁ።

አሁን አስቤዛው ተቀይሯል። ዋናው ድርቆሽ ነው፤ ሲያልቅ የሚተካ ሳይሆን ጭራሽ የማያልቅ። ጥርሳቸው ዕድሜ ልክ ያድጋል፤ የሚሞርደው ሣር ማኘክ ነው። ጭድ ለመኝታ እንጂ ለምግብ አይሆንም። ሰጋቱራውን ጣልኩት፤ ግማሹ የጽድ ነበር፣ ያ የምንወደው ሽታው ለሳንባቸው ጠንቅ ነው። ከጥንቸል ጋር አንድ ቤት ማሳደርም አይሆንም፤ ጥንቸል ሳይታመም የሚሸከመው የሳንባ ተሕዋስ አለ፣ እነሱን ይገድላል። እዚህ ሲዳማ ውስጥ ደግሞ በተለይ የምነግራችሁ አቮካዶ እንዳትሰጡ ነው። ፍሬውም ቅጠሉም መርዛቸው ነው። በየግቢው ያለ፣ ሲረግፍ የሚረገጥ ነገር ስለሆነ እጅ ይሄድበታል።

ካርቶኑን በሳጥን ተካነው። ወለሉ ሙሉ ጣውላ ነው፣ ሽቦ መዳፋቸውን ያቆስላል። ስፋቱ ወደ አንድ ካሬ ሜትር፣ ውስጡ መደበቂያ ጎጆ አለው። ሽቦ ያደረግነው ክዳኑን ነው፤ ከድመትና ከጭልፊት ሌላ ሐዋሳ አባ ኮዳ አለ። ዓሣ ገበያ ያያችሁት እንደሆነ የአባ ኮዳ ጉሮሮ ምን ያህል እንደሚያስተናግድ ታውቃላችሁ። ቀን ቀን ከማንጎው ሥር እናስቀምጠዋለን፤ ቆርቆሮ ሥር ያለ ሙቀት ይገድላቸዋል።

ይህን ሁሉ የአንዲስ ተራራ ሰዎች ማንም ሳይነግራቸው ያውቁት ነበር። ጊኒ ፒግ ከጊኒም አይደለችም፣ አሳማም አይደለችም፤ በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት የለመደችው እዚያ ነው፣ ዛሬ ፔሩና ቦሊቪያ በሚባለው አገር። እነሱ "ኩይ" ይሏታል። ኩሽና ወለል ላይ ከምድጃው አጠገብ ትሮጣለች፣ ሣርና የአትክልት ልጣጭ ይወረወርላታል፣ በበዓል ትታረዳለች። ኩዝኮ ካቴድራል ውስጥ ያለው የማርኮስ ሳፓታ የመጨረሻው እራት ሥዕል ላይ፣ ጌታችን ፊት ሣህን ላይ የተጋደመችው ኩይ ናት። ለእህቴ ሳሳያት አማተበች። አውሮፓ ከወሰዳት በኋላ ነው ሣጥን ውስጥ የገባችው፣ ቀጥሎም መርፌ ሥር።

ቡሹሎ ስል ብዙ ሰው የሚያውቀው ጤና ጣቢያውን ነው፣ ከሩቅ ገጠር ሳይቀር የሚመጣበትን። ከሊቨርፑል ተመራማሪዎች ጋር የሳንባ ነቀርሳ የአክታ ምርመራ ጥናቶች ተሠርተውበታል፤ በሽተኛው ተመላልሶ ሳይጉላላ በአንድ ቀን ውጤት እንዲያገኝ። ሮበርት ኮህ መጋቢት 24 ቀን 1882 በርሊን ላይ የነቀርሳን ባክቴሪያ ይፋ ሲያደርግ ማስረጃው ጊኒ ፒጎች ነበሩ። ከዚያም ለአሥርት ዓመታት ሐኪም ሲጠራጠር ናሙናውን ጊኒ ፒግ ላይ ወግቶ ስድስት ሳምንት ያህል ይጠብቅ ነበር። ነቀርሳ ከተገኘባት በሽተኛው ነቀርሳ አለበት። ያ ጤና ጣቢያ ከእህቴ ቤት ሩቅ አይደለም። በዚያ በኩል ሳልፍ አሁን ሌላ ነገር ትዝ ይለኛል።

ከአስቤዛው አንድ የጎደለ አለ፣ እሱን ገበያ አላገኘሁትም። ጊኒ ፒግ ብቻዋን አትኖርም። ስዊዘርላንድ ከ2008 ጀምሮ አንዷን ብቻ ማኖር በሕግ ከልክላለች። አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼን ሁሉ ጠይቄያለሁ፤ አንዱ "ለምን ጥንቸል አትጨምርላትም?" አለኝ። እስኪገኝ ድረስ የእህቴ ልጅ ከትምህርት ቤት መልስ ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ጮክ ብላ ታነብላታለች።

ቆሎ ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ከሰማች ቃሪያ የመጣ ይመስላትና በኋላ እግሯ ቆማ ታፏጫለች። ትናንት ፌስታሉ ውስጥ የነበረው የታጠበ ሸሚዜ ነው። ተመልሼ ወጣሁና አንድ ኪሎ ፈረንጅ ቃሪያ ገዝቼ መጣሁ።