ከበጅሮንዱ ቁልፍ እስከ በጀት አዋጁ



የዛሬው ርእሳችን ለብዙዎቻችሁ ደረቅ ሊመስል ይችላል፤ የመንግሥት ሂሳብ ነው። የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የፋይናንስ ኃላፊ የሚፈርመው ወረቀት ከእኛ ቤት ጋር ምን አገናኘው የምትሉ ትኖራላችሁ። የካ አባዶ የምትኖሩ ወንድሞችና እህቶች ግን የምትኖሩበትን ሕንፃ ብቻ ተመልከቱ። የከተማው አስተዳደር ኮንዶሚኒየሞቹን በአብዛኛው የገነባው ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ቦንድ እየሸጠ በተበደረው ገንዘብ ነው። ያ ብድር በአንድ መዝገብ ላይ ተጽፏል፤ አንድ ሰውም ፈርሞበታል። እንግዲህ የዛሬው ወሬያችን ስለዚያ መዝገብና ስለዚያ ፊርማ ታሪክ ነው።

ከየካ አባዶ ወደ መሐል ከተማ ስንወርድ የእንጦጦ ተራራ በስተቀኛችን ተዘርግቶ ይታያል። አፄ ምኒልክ ወደ ፍልውሃ ሜዳ ከመውረዳቸው በፊት፣ በ1870ዎቹ፣ ቤተ መንግሥታቸው እዚያ አናት ላይ ነበር። በዚያ ዘመን የመንግሥቱን ሀብት የሚጠብቀው ሹም በጅሮንድ ይባላል። በዓድዋ በመድፈኛነቱ ስማቸው የገነነው ባልቻ ሳፎም ማዕረጋቸው በጅሮንድ እንደ ነበር ልብ በሉ። የሚገባው ግብር ብር ብቻ አልነበረም፤ ማር፣ እህል፣ አሞሌ ጨው፣ የዝሆን ጥርስና ከብት ጭምር ነበር። ይህን ሁሉ በአንድ መለኪያ ደምሮ ይህን ያህል ገባ፣ ይህን ያህል ወጣ ማለት እንዴት ይቻላል? ጸሐፊ ባይጠፋም ዋናው መቆጣጠሪያ የሹሙ ታማኝነትና በእጁ ያለው ቁልፍ ነበር።

ከዚህ የከበደ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። የንጉሡ ገንዘብና የመንግሥቱ ገንዘብ አንድ ነበር። ለጦር የሚወጣው፣ ለግብር የሚታረደው፣ ለመኳንንት የሚሸለመው ሁሉ ከአንድ ጎተራ ይወጣል። ይህን ስል ምኒልክን ለመንቀፍ አይደለም። በዚያን ጊዜ በብዙ አገር ሥርዓቱ እንደዚሁ ነበር፤ እንዲያውም ምኒልክ በባላገሩ ላይ ወታደር ማስፈርን ይቀንሳል በማለት አሥራትን እንደ ደነገጉ ይታወቃል። በደቡብ ምዕራብ ደግሞ እስከ 1924 ዓ.ም. ድረስ ለማዕከላዊው መንግሥት ዓመታዊ ግብር እየከፈለ የውስጥ አስተዳደሩን ይዞ የቆየው የጅማ አባ ጅፋር መንግሥት የራሱ የገንዘብ ሹም ነበረው፤ ማዕረጉም አባ ሚዛን ይባል ነበር። ሚዛን የሚለውን ቃል ለገንዘብ ሹም መስጠታቸው እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል። የኛው በጅሮንድ ጠባቂ ነው፤ ያኛው ደግሞ መዛኝ።

በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የገንዘብ ሚኒስትርነቱን ለበጅሮንድ ሙሉጌታ ሰጡ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1898 ዓ.ም.፣ በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር ሆኖ የአቢሲኒያ ባንክ በአዲስ አበባ ሥራ ጀምሮ ነበር። ስለዚህ ሚኒስቴርም ባንክም ነበሩ ማለት ነው። ያልነበረው በጀት ነው። የገንዘብ ሚኒስትሩ የዓመቱን ወጪ አስቀድሞ የሚወስን፣ በዓመቱ መጨረሻም የሚያስረዳ ሳይሆን እንደ ጥንቱ በጅሮንድ የታዘዘውን የሚከፍል ሹም ነበር።

ይህን ነገር በግልጽ ካዩት የመጀመሪያ ሰዎች አንዱ የዓድዋው ተወላጅ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። በአውሮፓ ተምረው የተመለሱ፣ በምድር ባቡር ተቆጣጣሪነትና በድሬዳዋ ነጋድራስነት ያገለገሉ ሰው ናቸው፤ የጉምሩክን ገንዘብ ከቅርብ አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ1912 አስመራ በታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተሰኘው ጽሑፋቸው አገሪቱ ያስፈልጓታል ካሏቸው ለውጦች መካከል የንጉሡ ሀብት ከመንግሥቱ ሀብት እንዲለይ፣ ግብሩም በልክ ተወስኖ በገንዘብ እንዲከፈል የሚለው ይገኝበታል። በዚያው ዝርዝር ውስጥ የሃይማኖት ነጻነትም አለ፤ ይህን ለሙስሊም አንባቢ ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈለግሁም። ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ዕድሜ ላይ እያሉ በ1911 ዓ.ም. ሞቱ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው ዋና መጽሐፋቸው የታተመው እርሳቸው ካለፉ በኋላ ነው።

የገዢ ኪስና የሕዝብ ካዝና ይለይ የሚለው ሐሳብ ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ኢብኑል ሉትቢያ የተባለውን ሰው ታሪክ ታስታውሳላችሁ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዘካ እንዲሰበስብ ላኩት፤ ሲመለስ ያመጣውን ለሁለት ከፍሎ ይኼ የእናንተ ነው፣ ይኼኛው ግን ለእኔ በስጦታ የተሰጠኝ ነው አለ። ነቢዩም ሚንበር ላይ ወጥተው ያ ሰው በአባቱና በእናቱ ቤት ቁጭ ብሎ ቢሆን ኖሮ ስጦታው ይመጣለት ነበርን የሚል መልእክት ያለው ተግሣጽ በሕዝብ ፊት ተናገሩ። የዛሬ ኦዲተር የጥቅም ግጭት የሚለው ነገር ይኸው ነው።

በኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ዘመን ደግሞ አቡ ሁረይራ ከበሕረይን አምስት መቶ ሺህ ዲርሃም ይዘው እንደ መጡ የታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ዑመር ቁጥሩን ማመን አቅቷቸው የምትለውን ታውቀዋለህን ብለው ደጋግመው ጠየቁ። ይህን ያህል ገንዘብ በቃል ይዞ ማከፋፈል ስለማይቻል ዲዋን፣ ማለትም መዝገብ፣ ተከፈተ። ለሹመት የሚልኳቸውንም ሰዎች ሀብት አስቀድመው ያስመዘግቡ ነበር ይባላል። በነገራችን ላይ ጣሊያኖች ጉምሩክን ዶጋና፣ ፈረንሳዮች ደግሞ ዱዋን የሚሉት ከዚሁ ዲዋን ከሚለው ቃል የመጣ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። የገብረ ሕይወትን ሐሳብ ወደ ሕግ ያቀረቡት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በሩሲያ የተማሩት እኚህ ሰው በመጀመሪያ በጅግጅጋ፣ በኋላም በጨርጨር አስተዳዳሪ ሆነው ሠርተዋል። በሙስሊም ነዋሪዎቹ ብዛት የምናውቀው የጨርጨር አውራጃ በእርሳቸው ዘመን የአዲስ አስተዳደር መሞከሪያ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። የሹማምንትን ምግባር በአውሬዎች ተረት እየመሰሉ የሚሳለቅ ቲያትርም ጽፈው ቲያትሩ ታግዶባቸዋል! ያንን የጻፈ ሰው በኋላ የገንዘብ ሚኒስትር መሆኑ ለታሪክ ጥሩ ቀልድ ነው።

በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ተክለ ሐዋርያት ናቸው። ሕገ መንግሥቱ አምሳ አምስት አንቀጾች አሉት፤ አብዛኛዎቹ የንጉሠ ነገሥቱን ሥልጣን የሚያጸኑ ናቸው። የመጨረሻው፣ አምሳ አምስተኛው፣ ግን ስለ በጀት ነው። የመንግሥት ገቢ ከየትም ይምጣ ከየት ለየሚኒስቴሩ የተመደበውን ገንዘብ በሚወስነው ዓመታዊ በጀት መሠረት ካልሆነ በቀር ወጪ እንዳይሆን ይደነግጋል። በጀቱን የሚያጸድቁት ግን ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ነበሩ። ቢሆንም የጥንቱ በጅሮንድ ቁልፍ በወረቀት ላይ የተተካው በዚያ አንቀጽ ነው።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነጋሪት ጋዜጣ በ1934 ዓ.ም. መውጣት ጀመረ፤ በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ታተመ። በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ደግሞ ዋና ኦዲተር የሚባል ሹም ገባ። ያም ሆኖ የንጉሥ ገንዘብና የመንግሥት ገንዘብ ጥያቄ አልተዘጋም። በ1966 ዓ.ም. ደርግ ንጉሡን ከማውረዱ በፊት ከወሰዳቸው እርምጃዎች አንዱ የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥትንና አንበሳ አውቶቡስን መውረስ ነበር። ከዚያ በፊት በአንበሳ አውቶቡስ የተሳፈረ የአዲስ አበባ ሰው ፍራንኩ ለመንግሥት ይግባ ለቤተ መንግሥት በምን ያውቃል?

አሁን ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ፤ እዚህ ላይ ነገሩ ሙያ ይጠይቃል። በ1980ዎቹ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሂሳብ የሚያዘው በነጠላ ምዝገባ ነበር። ገንዘብ ወጣ ሲባል ወጪ ተብሎ ይጻፋል፤ ገንዘቡ ምን ሆኖ እንደ ቀረ፣ ዕቃ ሆኖ መጋዘን ገባ ወይስ በሠራተኛ እጅ ቅድመ ክፍያ ሆኖ ተቀመጠ፣ መዝገቡ አይናገርም። የሚዘጋው ሂሳብም ለዓመታት ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ሦስትና አራት ዓመት ዘግይቶ የተዘጋ ሂሳብ ማንን ያስጠይቃል? ገንዘብ ያዡ ተዛውሯል፤ ኃላፊው ጡረታ ወጥቷል፤ ደረሰኙም አይጥ በልቶታል።

የፋይናንስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 57 በ1989 ዓ.ም. ወጣ፤ በኋላ በ2001ዱ አዋጅ ቁጥር 648 ተተካ። በእነዚያ ዓመታት የገንዘብ ሚኒስቴርን ለሃያ ዓመት ገደማ የመሩት አቶ ሱፊያን አሕመድ ናቸው። ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በመጡ አማካሪዎች እገዛ በተካሄደው ማሻሻያ ሁለትዮሽ ምዝገባ ገባ፤ አንድ ወጥ የሂሳብ መደብ ተዘጋጀ፤ ኢቤክስ የተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓትም ከፌዴራል አልፎ እስከ ክልሎች ደረሰ። ለውጡ በማሽን ብቻ አልመጣም፤ በሺህ የሚቆጠሩ የሂሳብ ሠራተኞች ሠልጥነዋል። ለእኔ ከኮምፒዩተሩ የሚበልጠው ይኼ ሥልጠና ነው።

አንድ ትልቅ ሚኒስቴር ውስጥ የፋይናንስ ኃላፊ ማለት እንግዲህ ምን ማለት ነው? ገንዘብ በሞዴል 64 ይቀበላል፤ ዕቃ በሞዴል 19 ገብቶ በሞዴል 22 መውጣቱን ያያል፤ የባንኩን ሂሳብ ከመዝገቡ ጋር ያስታርቃል፤ በየወሩ ለገንዘብ ሚኒስቴር ሪፖርት ይልካል። በሰኔ ወር ደግሞ ፈተናው ይመጣል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲያልቅ ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ስለሚሆን ወንበር፣ ጎማ፣ ቀለም፣ ሥልጠና ሁሉ በአንድ ወር ይጠየቃል። ያን ጊዜ ለአለቃው «ይህ አይከፈልም» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ሕጉ የመሥሪያ ቤቱን የበላይ ኃላፊ ተጠያቂ ቢያደርግም ፊርማው ቀድሞ የሚያርፈው የሂሳብ ሹሙ ጋር ነው፤ ጫናውም እዚያው ያርፋል።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 መሠረት የፌዴራል ዋና ኦዲተር የሚኒስቴሮችን ሂሳብ መርምሮ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባል። በዋና ኦዲተር ገመቹ ዱቢሶ ዘመን ሪፖርቱ ሲነበብ የሰሙ አድማጮች «ያልተወራረደ ተሰብሳቢ ሂሳብ» የሚለውን ቃል በደንብ ያውቁታል። የመንግሥት ገንዘብ በቅድመ ክፍያ ወጥቶ የወሰደው ሰው ወይም ድርጅት ማስረጃ አቅርቦ ያልዘጋው ማለት ነው። ሁሉም ተሰርቋል ማለት አይደለም፤ ከዚያ ውስጥ ደረሰኙ ብቻ የቀረ ሥራም አለ። ግን ደረሰኝ እስካልቀረበ ድረስ የተሠራውንና የተበላውን ማን ይለየዋል? በሱረቱል በቀራ ያለው፣ ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ ዕዳ ይጻፍ፣ ምስክርም ይቁም ብሎ የሚያዝ መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ይበቃል። የሹማምንትን ሀብት ማስመዝገብም በአገራችን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 668 ግዴታ ሆኗል።

የፌዴራል መንግሥት የ2018 በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ሆኖ ጸድቋል። በጀቱ በነጋሪት ጋዜጣ ሲታወጅ ለየመሥሪያ ቤቱ የተመደበው በመደብ በመደቡ ተዘርዝሮ ይወጣል። በየወረዳውም የጤና፣ የትምህርትና የመንገድ በጀት በሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ የሚያደርግ አሠራር ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ተዘርግቷል። ወረዳ ጽሕፈት ቤት ለመታወቂያም ሆነ ለሌላ ጉዳይ ስትሄዱ ተራችሁ እስኪደርስ ያንን ሰሌዳ ፈልጉት፤ ካላገኛችሁም የት እንደ ተለጠፈ ጠይቁ።