ጠላቶች ስለ ምን አንድ ዓይነት ምሽግ ሠሩ?
(በጎጀብና በኦሞ ወንዞች ዙሪያ ስለ ነበሩት የወሰን ምሽጎች የተደረገ አጭር ምርመራ)

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጉዳይ በአጭሩ ሊነገር ይችላል። በ19ኛው መቶ ዓመት በጎጀብና በኦሞ ዙሪያ የነበሩት መንግሥታት፥ ማለት ካፋ፥ ሸካ፥ ዳውሮ፥ ጅማ፥ ጌራና ሊሙ እናርያ፥ ብዙ ጊዜ እርስ በርሳቸው ሲዋጉ የኖሩ ናቸው። ዳሩ ግን አንዱ በሌላው ላይ የሠራው የወሰን ምሽግ ከጠላቱ ምሽግ ጋር እጅግ ይመሳሰላል። ይህ ስለ ምን ሆነ? (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄው ለጨዋታ ያህል የተነሣ አይደለም። ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት ነገር ሲኖራቸው «ያወጣነው እኛ ነን፤ እነዚያ ከኛ ወስደው ነው» ማለት የተለመደ ነው። እንዲህ ያለው ክርክር ታሪክን ወደ ሙግት ይለውጠዋል፤ በሙግት ደግሞ የሚፈለገው ምስክር እንጂ ምክንያት አይደለም። እኛ የምንፈልገው ምክንያቱን ነው።

አስቀድመን የሥራውን መልክ እንይ። በጊቤ አገሮች ሁለት መንግሥታት በሚዋሰኑበት ስፍራ ሰው የማይሰፍርበትና የማይታረስ ጠፍ መሬት ይተው ነበር፤ ይህም በኦሮምኛ ሞጋ ይባላል። ከሞጋው ወዲህ ቦይ ይቆፈራል፥ የእንጨት አጥር ይተከላል፥ በመንገዱም ላይ ዘበኛ የሚጠብቀው በር ይቆማል። በሩ ኬላ ነው። መንገደኛ በኬላ ካልሆነ በቀር በሌላ መግባት አይፈቀድለትም። ነጋዴም ከኬላ ሲደርስ ይቆማል፤ መምጣቱ ለንጉሥ ይነገራል፤ ፈቃድ እስኪመጣ ይቆያል፤ ቀረጡንም ይከፍላል። በካፋም ነገሩ እንዲሁ ነበረ፤ ጥልቅ ቦይ፥ አጥር፥ የተጠበቀ በር። በ1905 ካፋን የጎበኘው ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር ስለ አገሩ በጻፈው ሰፊ መጽሐፍ ውስጥ ይህን አስፍሮታል።

በዳውሮ ግን ቦዩ በድንጋይ ካብ ተተክቷል። ካቡ ያለ ጭቃ፥ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተደረደረ የተሠራ ሲሆን፥ ርዝመቱ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፤ በአንዳንድ ስፍራም መስመሩ ይደራረባል። ሥራው በንጉሥ ሃላላ ስም ስለሚጠራ «የሃላላ ኬላ» ይባላል። ልዩነቱ የዕቃው ነው እንጂ የሐሳቡ አይደለም። በካፋ ደጋ አፈሩ ለመቆፈር ይመቻል፥ እንጨቱም ሞልቷል፤ ወደ ኦሞና ወደ ጎጀብ በሚወርደው የዳውሮ ተዳፋት ግን የሚገኘው ድንጋይ ነው። ሁለቱም ሰውን ወደ አንድ በር ይነዳሉ። ኬላ የሚለው ቃል ራሱ በኦሮምኛም፥ በዳውሮም፥ በዐማርኛም ያለ መሆኑን ልብ ይሏል። ጠላቶቹ ቃሉን እንኳ ተጋርተውታል።

በዘመናችን ይህን የመሰለ ጥያቄ የሚነሣው ስለ ጦር አይሮፕላኖች ነው። በ1997 የበረረው የአሜሪካ ኤፍ-22፥ በ2010 የበረረው የሩሲያ ሱ-57፥ በ2011 የበረረው የቻይና ጄ-20፥ ከሩቅ ለሚያያቸው የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። ሦስቱም ከራዳር ለመሰወር የታሰቡ ናቸው። የራዳር ሞገድ ትይዩ የቆመ ጠፍጣፋ ነገር ሲመታ ወደ መጣበት ይመለሳል፤ ስለዚህ የጅራቱ ክንፎች ዘመም ይላሉ፥ የክንፎቹ ጠርዞች በጥቂት አቅጣጫዎች ብቻ ይሰለፋሉ፥ ቦምቡና ሚሳይሉም በሆድ ውስጥ ይደበቃል። አንዳንዶች ምስጢሩ ስርቆት ነው ይላሉ፤ ይህም ፈጽሞ መሠረት የሌለው አይደለም፤ በ2016 ሱ ቢን የተባለ ቻይናዊ የኤፍ-22ንና የኤፍ-35ን መረጃ በኮምፒውተር ለመስረቅ በተደረገ ሴራ ተካፋይ መሆኑን በአሜሪካ ፍርድ ቤት አምኗል። ዳሩ ግን ሞገድ ከጠርዝ ላይ እንዴት እንደሚበተን የሚያስረዳውን ስሌት በ1962 ያሳተመው የሶቪየቱ ሊቅ ፒዮትር ኡፊምፅዬቭ ነበረ፤ አሜሪካኖች በ1971 ተርጉመው ተጠቀሙበት። እንግዲህ ከማን የተወሰደ ነው እንበል?

ወደ ምሽጎቻችን እንመለስ። ለመመሳሰላቸው ሦስት መልስ ሊሰጥ ይቻላል።

አንደኛው የዘር መልስ ነው። የካፋና የሸካ ቋንቋዎች እጅግ ይቀራረባሉ፤ የሁለቱም ንጉሥ ታቶ ይባል ነበር፤ ሁለቱም አንድራቻ የተባለ የንጉሥ ከተማ ነበራቸው። (ይህ የመጨረሻው ካርታ የሚያነብ ተማሪን ክፉኛ ያደናግራል።) ስለዚህ የሁለቱን መመሳሰል ከአንድ ጥንታዊ ምንጭ የመጣ ነው ብንል ስሕተት አይሆንም። ነገር ግን ይህ መልስ ከጎጀብ ማዶ አይሻገርም። የጅማ ሰዎች ቋንቋቸው ኦሮምኛ፥ የንጉሦቻቸው ሃይማኖት እስልምና ነበረ፤ እንደ ሸካ ከካፋ ጋር በቋንቋ አይቀራረቡም፤ ቦዩና በሩ ግን አለ።

ሁለተኛው የመቅዳት መልስ ነው። ለመቅዳት መንገዱ ክፍት እንደ ነበር አያጠራጥርም። የሊሙ ኦሮሞዎች የያዙት አገር ቀድሞ የእናርያ መንግሥት የነበረበት ነው፤ ያም መንግሥት በ16ኛው መቶ ዓመት ለዐፄ ሠርፀ ድንግል ይገብር የነበረ ነው። አሸናፊው የተሸናፊውን በር ከነዘበኛው መውረሱ የሚጠበቅ ነው። ነጋዴዎችም በሁሉም ኬላ ያልፉ ነበር። ንጉሦቹ ደግሞ ይዋጉ እንጂ ይጋቡም ነበር። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ በ1843 ወደ ካፋ የገባው የሊሙ እናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ ከካፋ ንጉሥ ቤት ሙሽራ ሲያስመጡ ከሚዜዎቹ ጋር ሄዶ ነው። ሚዜ ሆኖ የሄደ ሰው ቦዩን አይቶ ይመለሳል፤ ቦይ ደግሞ የሚደበቅ ነገር አይደለም።

ሆኖም መቅዳት «እንዴት አወቁ?» ለሚለው ይመልሳል እንጂ «ስለ ምን ፈለጉ?» ለሚለው አይመልስም። ሰው ከጎረቤቱ ብዙ ነገር ያያል፤ የሚወስደው ግን ሥራ የሚሠራለትን ብቻ ነው። ስለዚህ ሦስተኛው መልስ፥ አንድ ዓይነት ችግር አንድ ዓይነት መፍትሔ ወለደ የሚለው፥ ይበልጥ ያሳምነናል። ችግሩ ግን ምን ነበር? ብዙ ሰው «ፈረስና ወራሪ» ይላል። ቦይ ፈረስን ማስቆሙ እውነት ነው። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን በዚያው አገር፥ በዚያው ዝናብ፥ በዚያው ወራሪ ፊት የኖረ ሕዝብ ሁሉ ቦይ በቆፈረ ነበር። አልሆነም። በቴፒ ዙሪያና ከዚያም ወዲያ ባለው ደን የሚኖሩት ማጃንግ ባሪያ ፈንጋዮች ክፉኛ ያስጨነቋቸው ሕዝብ ናቸው፤ ነገር ግን የወሰን ቦይም ኬላም አልነበራቸውም። ንጉሥ አልነበራቸውም፤ ደኑን እየመነጠሩ፥ ቀፎ እየሰቀሉ፥ ቦታ እየለዋወጡ ይኖሩ ነበር፤ ጠላት ሲመጣ መከላከያቸው መነሣት ነበረ።

ከዚህ የምንረዳው የምሽጉ አባት ጫካውም ፈረሱም ብቻ አለመሆኑን ነው። ኬላ የሚያስፈልገው ቀረጥ ለሚቀበል ንጉሥ ነው። ቦይ የሚቆፈረው ገባርንና ባሪያን ለሥራ ማዘዝ የሚችል ጌታ ሲኖር ነው። በዚያ አገር ዝናቡ ብዙ ስለ ሆነ እንጨቱ ይበሰብሳል፥ አፈሩም ይናዳል፤ ጥገናው ከዓመት ዓመት ማለቂያ የለውም። ደግሞም ያ ዘመን የዝሆን ጥርስ፥ የዝባድ፥ የቡናና ከሁሉ በላይ የባሪያ ንግድ ዘመን ነበር። በር የሚዘጋው ከውጭ ለሚመጣው ብቻ አይደለም፤ ባሪያው ወደ ጎረቤት እንዳያመልጥ፥ ገባሩ ጌታውን ትቶ እንዳይሸሽ ቦዩ ከውስጥም ያግዳል። እንደ እኛ አስተያየት ሰዎች የሚረሱት ይህን ወገን ነው፤ ስለ አባቶች ጥበብ ሲነገር በቦዩ ውስጥ ቆሞ አፈር ያወጣው ሰው አይነሣም። ንጉሦቹ ጠላት ቢሆኑም ሕዝብን በመያዝ ረገድ ጉዳያቸው አንድ ነበረ፤ ሥራቸውም ስለዚህ አንድ መሰለ።

በአይሮፕላኖቹም ነገር ይኸው አለ። በ1991 በአሜሪካ ከኤፍ-22 ናሙና ጋር የተወዳደረው ዋይ-ኤፍ-23 መልኩ ሌላ ነበረ፤ ከራዳር በመሰወርም የሚናቅ አልነበረም። እንግዲህ የተፈጥሮ ሕግ ምርጫውን ያጠብበዋል እንጂ አንድ መልክ ብቻ አይሰጥም። የቀረውን የሚወስነው አዛዡ ከአይሮፕላኑ የሚፈልገው ሥራ ነው።

መመሳሰሉ ግን ዋጋ አስከፍሏል። ምሽጎቹ ሁሉ የታሰቡት ለጦርና ለፈረስ ነበረ። በ1882 የእምባቦ ጦርነት የጊቤን አገሮች ዕድል ከወሰነ በኋላ መንግሥታቱ ተራ በተራ ለምኒልክ ገበሩ ወይም ተያዙ። ካፋ በ1897 ተራው ሲደርስ፥ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ብዙ ጠመንጃ የያዘ ሠራዊት አሰለፉ፤ ካፋዎች ግን ጠመንጃቸው ጥቂት ነበረ። ኬላና ቦይ ምን እንደሆነ ለዚህ ሠራዊት አዲስ ነገር አልነበረም፤ በዳውሮም በጊቤም አይቶታል። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ለወራት ሳይያዙ የቆዩት ቦዩ ጠብቋቸው ሳይሆን ደኑ ሸሽጓቸው ነው፤ ማለት በማጃንግ ዘዴ ነው። በመጨረሻ በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ገደማ ተያዙ።

ካፋ፥ ሸካ፥ ቤንች ሸኮ፥ ዳውሮ፥ ኮንታና ምዕራብ ኦሞ በ2021 አንድ ክልል ሆነዋል፤ ስለዚህ ከድሮዎቹ ወሰኖች ብዙዎቹ ዛሬ በአንድ ክልል ውስጥ ይገኛሉ። በሃላላ ካብ አካባቢ በ2022 የእንግዳ ማረፊያ ተመርቆ ጎብኚ ይሄድበታል። የካፋና የሸካ ቦዮች ግን ይህ ዕድል አልገጠማቸውም። አፈር እየሞላቸው፥ ቡናና ኮረሪማ እየበቀለባቸው ነው፤ ገና ጥልቀታቸው የሚለካባቸው ስፍራዎች አሉ። ከጓደኞቻችን መካከል የቅየሳ ትምህርት የተማሩ ቢገኙ በመጪው የዕረፍት ወራት ከቦንጋ መንገድ ልንጀምር አስበናል።